ያልተፀነሰው የልጅ ልጄ ዕድሜ

በኛ ጊዜ የሰው ዕድሜ የሚቆጠረው ከተወለደ በኋላ ነበር። እሱም ቢሆን «በጣሊያን ጊዜ»፣ «አንበጣ በመጣ ዓመት» እየተባለ በግምት ነው። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጅ ሳይፀነስ ዕድሜ ይቆጠርለታል። እያጋነንኩ አይደለም፤ አዋላጅ ነርሷ ለምራቴ ያስረዳቻት ነው። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው አለቻት። ፅንሱ የሚያዘው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። እንግዲህ ሴቲቱ «የአራት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነሽ» ስትባል ማህፀኗ ውስጥ ያለው የሁለት ሳምንት ፍጡር ነው ማለት ነው። የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ማን እንደኖራቸው አንድዬ ይወቀው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለከብት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ጣጣ ቤቴ የገባው የመጨረሻ ልጄ ከሚስቱ ጋር መጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አባባ፣ ለመውለድ እየተዘጋጀን ነው» ያለኝ ዕለት ነው። የገንፎ እህልና ቅቤ ሊያስገዛኝ መሰለኝ።

«ስንት ወሯ ነው?»

«ኧረ ገና ነው።»

«ገና ከሆነ ምኑን ትዘጋጃላችሁ?»

«ቅድመ እርግዝና ነዋ!» አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ። ቅድመ ወሊድ ክትትል የሚባለውን በስተርጅናም ቢሆን ለምጄዋለሁ። ቅድመ እርግዝና ግን አዲስ መጤ ነው። እንዲህ ወደኋላ ወደኋላ እያሉ ሄደው አንድ ቀን ቅድመ መተያየት የሚባል ክትትል ሳያመጡ አይቀሩም።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ዝግጅቱ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ነበር፤ አለቀ። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ አንጎለላ አለላችሁ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ከማህፀናቸው ፀሐይ ስትወጣ በሕልማቸው አይተው ነበር ይባላል። የቅድመ እርግዝና ምርመራ ከተባለ እሱ ነው፤ ሕልም። ክኒን ያልዋጡ እናት ዓድዋ የዘመተ ንጉሥ ወለዱ ብዬ ምራቴን ላሳምናት ብሞክር፣ «እሳቸውስ ተወለዱ፤ ሳይወለዱ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው አባባ?» ብላኝ ቡናዋን ቀዳች። የዛሬ ምራት እንዲህ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ነው የምትረታህ።

ከሁሉ አስቀድማ የመጣችው ትንሿ ቢጫ ክኒን ናት። ፎሊክ አሲድ ትባላለች፤ መጠኗ በቀን 400 ማይክሮግራም። ይህ ምን ያህል ነው ብል ልጄ በስልኩ አሰላልኝ፤ አንድ ግራም 2,500 ቦታ ቢከፈል አንዱ ድርሻ ነው። በርበሬ በፈረሱላ ስሸምት የኖርኩ ሰውዬ፣ ለዓይን የማይሞላ ነገር ቤቴ ገብቶ ሲያዝብኝ ማየት ዕጣዬ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ምራቴ ክኒኗን ብትረሳ ባሏ ያስታውሳታል፤ ባሏ ቢረሳ ስልኩ ይጮኻል፤ የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ ደግሞ ባለቤቴ አለች፤ እሷ ባትሪዋ አያልቅም።

ይቺ ክኒን ውስጥ ያለችው ነገር ምስር ውስጥም፣ ባቄላ ውስጥም፣ ጎመን ውስጥም አለች አሉኝ። ይኸው! የሰሜን ሸዋ ሰው ከባቄላ ሌላ ምን በልቶ አደገ? ስሟን ሳናውቃት ስንበላት ኖረናል ማለት ነው ብዬ ልነሣ ስል ነርሷ መልስ አዘጋጅታ ኖሯል፦ ሲበስል ብዙው ይጠፋል። የኛ ሽሮ ደግሞ እሳት ላይ ስንት እንደሚንተከተክ ማንም ያውቃል።

«ታዲያ ካረገዘች በኋላ አትውጠውም?» አልኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያስቸገረኝ። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ተጠቅልሎ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው አሉ። በዚያን ጊዜ ሴቲቱ ገና ማርገዟን አታውቅም። የወር አበባዋ የዘገየው ብርድ መቷት ይመስላታል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የማይሳበብበት ብርድ የለም። በአራተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒኑን ብትቀበል ለደሟ ይበጃታል፤ ቱቦው ግን ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ጉዳት በዓለም ላይ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። ልጅ ሆነን ጀርባው ክፍት ሆኖ፣ ወይ ራሱ ያለ ልክ ገዝፎ የሚወለድ ሕፃን ወሬው በሹክሹክታ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለሱ የሚያነሣ የለም። እርግማን ነው፣ የእናቲቱ ኃጢአት ነው ተብሎ ይታለፋል። የዚያ ሁሉ ኃጢአት ማስተሰረያ የአንድ ግራም 2,500ኛ ድርሻ ነበር ሲባል ሰው ምን ይላል? እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ግን እንደ መስማማት ቆጠሩብኝ።

መንግሥትም በበኩሉ በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል። ደግ አደረገ። እኛ ቤት ግን የሚበላው ገብስ ነው፤ የሚፈጨውም ሠፈር ውስጥ ነው። የሠፈራችን ወፍጮ ቤት ልጅ በርበሬ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ገብሴን አስገብቶ ዱቄቴን አቅልቶ ያስረክበኛል እንጂ ሌላ ያበለጸገልኝ ነገር የለም።

ጨውም ተነካ። እኛ ስናድግ ጨው ማለት ከአፋር በረሃ በግመል አልዩ አምባ ገበያ ወጥቶ አንኮበር የሚደርስ አሞሌ ነበር። አዮዲን የሚባል ነገር አናውቅም። አንገቱ ላይ እንቅርት ያላበጠ ደገኛ ግን ብርቅ ነበር፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ከመሬት አልተነሣም። አሁን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት እናቲቱ አዮዲን ካነሳት የልጁ አንጎል ይጎዳል ይላሉ። በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጥቷል፤ ምራቴ ደግሞ ደንቡን እኔ ቤት ታስከብራለች። ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል፣ ፀሐይ አያየውም፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ብቻ ይገባል። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሽንኩርቱ ጋር ስትጨምር የኖረች ሴት፣ ባንድ ሳምንት እጅ ሰጠች። እኔን ግን ስለ ወጡ ጣዕም የጠየቀኝ የለም።

እስካሁን የሴት ነገር ነው ብዬ ቻልኩት። ከዚያ ወደ ወንድ ተሻገሩ።

የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመድረስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል አሉ። ስለዚህ ልጄ አረቄ ተወ፣ ሲጋራ ተወ፣ ላፕቶፑንም ጭኑ ላይ ማስቀመጥ ተወ። ሙቀት ዘር ያበላሻል ነው ነገሩ። እኔ ይህን ስሰማ ጋቢዬን እንደገና ተከናነብኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ የአገሩ ሰው ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። እዚህ አገር ሙቀት ያበላሸው ነገር ካለ ያሳዩኝ! ቆላ አገር ያለ ሰው ይፍራ። ልጄ ያቺን ላፕቶፕ ጭኑ ላይ የሚያኖራት ለሥራ መስሏችሁ ነው? ምድጃዋ ናት።

ብሶ ደግሞ «እኔም ልመርመር» ብሎ አንድ ጠዋት በትንሽ ብልቃጥ ነገር ይዞ ሊሄድ ሲል ደጃፍ ላይ ያዝኩት። ምን እንደሆነ ነገረኝ። እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ የነፍስ አባቴም ያነባሉ። የኔ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ምን ጎደለህና? በኛ ጊዜ ልጅ ከዘገየ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የምትገባው ሴቷ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ የምትሳለው ሴቷ፣ መካን የምትባለው ሴቷ ነበረች። ወንዱ በቅሎ ስቦ ይሸኛታል፤ ዓመት ካለፈ ሌላ ያገባል። አሁን ሐኪሞቹ ልጅ ከዘገየባቸው ባልና ሚስቶች ግማሽ በሚሆኑት የወንዱም እጅ አለበት ይላሉ። ይህ ነገር ወደኋላ ቢሠራ ስንቱ የተከበረ ሽማግሌ ጠበል መውረድ ነበረበት! ብቻ እሱን ተዉት።

ባለቤቴን ከጎኔ አቆማለሁ ብዬ ማጉረምረም ጀመርኩ። ጠላ እየቀዳችልኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ጋኑን በግራዋ ሳላጥብ፣ በወይራ ሳላጥን ጠምቄልህ አውቃለሁ?» አለችኝ።

«አታውቂም።»

«ብቅሉ የሻገተ ከሆነስ የጋኑ መታጠን ምን ይፈይዳል?»

ልጄ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ጠላዬን ጠጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሦስት ለአንድ ሆኛለሁ።

የስልኩን ነገር ልንገራችሁ። ሴት ልጅ በየወሩ ልትፀንስ የምትችለው በስድስት ቀን ያህል ውስጥ ብቻ ነው። እንቁላሏ ከወጣች ከአንድ ቀን አታልፍም፤ የወንዱ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ድረስ ይጠብቃታል። ወንድ ልጅ አምስት ቀን ሙሉ በትዕግሥት ሲጠብቅ የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። እነዚህን ቀናት የሚያሰላ አፕሊኬሽን ምራቴ ስልክ ውስጥ አለ። አንድ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ለእራት መሶብ ከቧል። ስልኩ ጢው አለ። መስተዋቱ ላይ ሐምራዊ አበባ ፈነዳ፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። እኔም ደህና ወሬ መስሎኝ፣ «ምን ይላል? አንብቢልኝ እስቲ» አልኩ። ምራቴ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ልጄ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ «እንቅልፌ መጣ» ብሎ ተነሣ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ! ባለቤቴ በመሶቡ ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የነገሩ ፍቺ የገባኝ ሌሊት ነው።

ያ ስልክ ደግሞ ጾም አያውቅም። ሑዳዴም፣ ፍልሰታም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም ለሱ አንድ ናቸው። ባልና ሚስት በጾም አልጋ የሚለዩበት አገር ላይ ስድስት ተከታታይ ቀን ቆርጦ ይሰጣል፤ ከስድስት ተከታታይ ቀን ውስጥ ደግሞ ረቡዕ ወይ ዓርብ ሳይኖር አይቀርም። ነፍስ አባታችንን አማክሩ ብያቸዋለሁ። አማክረው ይሁን ሳያማክሩ እኔ አልጠየቅኩም፤ ጠይቄ ምን ልስማ?

ጳጉሜንንም አያውቅም። ይህ ግን የዋዛ አይደለም። በፈረንጅ ወር የሚቆጥር ስልክ ለኛ ሴት ቀን ሲሰጥ ነርሷ በኛው አቆጣጠር እንደገና ታሰላዋለች። የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይጨመራል፤ ወራቱ ጳጉሜንን ካቋረጡ ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ብቻ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች አራት። እንዲህ ሆኖ 280 ቀን ይሞላል። ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩና አዳመጥኩ፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የኛ ነዋ! መጋቢት 29 ቀን መልአኩ እመቤታችንን አበሠራት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ጌታ ተወለደ፤ ዘጠኝ ወር ከአምስት የጳጉሜን ቀን። በሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን እንዳይተርፍ በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል። አባቶቻችን አንዲት ቀን አላዛነፉም። ነርሷ ግን ቆጠራዋን የምትጀምረው ሁለት ሳምንት ቀድማ ነው። ከተፀነሰበት ከተቆጠረ የሷ 266 ቀን ነው፤ የኛ 275። የዘጠኝ ቀን ጠብ አለን።

ደም ምርመራው ነው ያላሳቀኝ። የምራቴ ደም ዓይነት ኔጌቲቭ ሆነ፤ የልጄ ፖዘቲቭ። ነርሷ «ሾተላይ» አለች፤ እንደ ዋዛ፣ ወረቀት እየሞላች። ሾተላይ! እኛ ዘንድ ይህ ስም በምሽት አይጠራም ነበር። ይህ ያለባት ሴት የበኩር ልጇ ይቆይላታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ወይ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይ ቢጫ ሆኖ በሳምንቱ ያልፋል። ደብተራ ክታብ ይቋጥራል፤ ጥቁር ዶሮ ይዞራል፤ ሕፃኑ ለጎረቤት «ይሸጥ» ተብሎ በሳንቲም ይለወጣል፣ ሾተላዩ እንዳያውቀው። የተረፈም እንደሆነ ምትኩ ይባላል፣ ካሳ ይባላል፣ ማስረሻ ይባላል። የመንደራችን ወንዶች ሲጠሩ የሙታን መዝገብ የሚነበብ ይመስል ነበር። የኔም ስም ከነዚሁ አንዱ ነው። እናቴ ከኔ በፊት የቀበረቻቸውን አንድም ቀን በስም አላነሣችልኝም።

ነርሷ እንዳለችው ነገሩ የደም አለመስማማት ነው። በወሊድ ጊዜ የልጁ ፖዘቲቭ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል፤ ሰውነቷ እንግዳ መጣ ብሎ ጦር ያዘጋጃል፤ ጦሩ የሚዘምተው ቀጥሎ በሚመጣው ልጅ ላይ ነው። ፅንስ ቢወርድም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በ28ኛው ሳምንት ገደማ አንድ መርፌ፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሌላ መርፌ ነው። በቃ። ያ ሁሉ ክታብ፣ ያ ሁሉ ጥቁር ዶሮ! ደብተራው በሕይወት ቢኖር የዶሮውን ዋጋ እጠይቀው ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ላሳልፈው። ጥሬ ሥጋ ተከለከለ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለበት አሉ፤ ክትፎውም ለብ ለብ አይበቃውም፣ ይብሰል ተባለ። የበሰለ ክትፎ ፊት ተቀምጬ ያዘንኩትን ኀዘን ለማንም አልመኝም። ቡና ይቀነስ ተባለ፤ አቦሉን ትጠጣለች፣ ቶናና በረካው ለኔ ተረፉ፤ በዚህ እንኳ ቅሬታ የለኝም። ጤና አዳሙ ከስኒዋ ወጣ። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አይሆንም ሲሏት ግን «ይህንንስ እናቴም ታውቀው ነበር» ብዬ ጮህኩ። አንድ ነገር ላይ መቅደማችን ይመዝገብልን።

በመጨረሻ ሆነ። የወር አበባዋ በቀኑ ሳይመጣ ቀረ፤ ከመድኃኒት ቤት የገዛችው የሽንት መመርመሪያ ሁለት መስመር አወጣ። ድሮ መጀመሪያ የምታውቀው አማት ነበረች፤ ምራቲቱ የወጥ ሽታ ሲያስጠላት፣ ሎሚ ስታሸት አይታ ልቧ ይነግራታል። አሁን ባለቤቴ የሰማችው ከፕላስቲክ ቀጥላ ነው። ይህን ስትነግረኝ ትንሽ ከፍቷት ነበር፤ ወዲያው ግን የገንፎውን ገብስ መልቀም ያዘች።

እኔ ደስታዬን ይዤ ወደ ዕድር ልወጣ ስል ልጄ በሩ ላይ ቆመ። «አባባ፣ ሦስት ወር እስኪሞላ ለማንም እንዳትናገር።» ለምን? ቡዳ ፈርተው እንዳይመስላችሁ። ከታወቁት እርግዝናዎች ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ ይወርዳሉ፤ አብዛኛውም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፅንሱ ክሮሞዞም ከመነሻው ሳይስተካከል መቅረቱ ነው እንጂ ሴቲቱ እንስራ ማንሣቷ ወይም መደንገጧ አይደለም። እንስራውን ስንት ዘመን ከሰስነው! ግን አስተውሉ፤ ሦስት ወር መደበቅ የኛ ወግ ነው። ዞረው ዞረው እኛ ዘንድ መጡ፤ «ከናንተ ተማርን» የሚል ግን አልተገኘም። እኔም ዕድር ወንበር ላይ ጎረቤቴ የልጅ ልጁን ጥርስ ማብቀል ሲተርክልኝ ከንፈሬን ነክሼ አዳመጥኩ። ይህን የምጽፈው ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ባለቤቴማ በሁለተኛው ሳምንት ለእትዬ ጎረቤታችን «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነግራለች።

አሁን የቀረን የቀኑ ጠብ ነው። ምራቴ የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን በበዓል ነው የያዘችው፤ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። ነርሷ ጳጉሜንን ቆጥራ ጥቅምት 17 ብላ ካርዱ ላይ ጽፋለች። ፅንሱ የተያዘው ጥር 26 ገደማ ነው የሚለው ያው ስልኩ ነው፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት የጳጉሜን ቀን ቆጥሬ እኔ ጥቅምት 26 ብያለሁ። ባለቤቴ ከነርሷ ጋር ቆማለች፤ በሙክት ተወራርደናል፣ የተሸነፈ ለአራሷ ያርዳል። እሷ ገንዘብ የምታገኘው ከኔ ጡረታ ስለሆነ ሙክቱን የምገዛው ያው እኔው ነኝ። የመንዝ በግ ዋጋ ከአሁኑ ማጠያየቅ ጀምሬያለሁ፤ ነጋዴው «ለመቼ ነው?» ሲለኝ ቀኑን መናገር አቅቶኝ እስከዛሬ ዋጋ አልቆረጥንም።